የስኩተር ሮለር አቀያየር፦ ቫሪያተሩን ከመክፈት እስከ ሙከራ ጉዞ

ሮለር፣ ማለትም ማርሹን በራሱ የሚቀይረው ቫሪያተር ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ክብ ክብደቶች፣ ቀይረው ስኩተራቸው የባሰባት ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዱ «ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይሄድም» ይላል። ሌላው አቀበቱን እንደ ልቡ እየወጣ ሜዳ ላይ ግን ከበፊቱ ፍጥነቱ አሥር ኪሎ ሜትር ይጎድልበታል። ሦስተኛው በሁለተኛው ቀን ሽፋኑ ውስጥ ብረት ከብረት ሲፋጭ ሰምቶ መንገድ ዳር ይቆማል። ሦስቱም የገዙት ዕቃ ደህና ሊሆን ይችላል። የተሳሳቱት ወይ ክብደት ሲመርጡ ነው፣ ወይ ዳዶውን ሲያጠብቁ።

ስኩተር ላይ ከሚሠሩ ማሻሻያዎች ሁሉ እኔ ይህን አስቀድማለሁ። ሞተሩ አይከፈትም፣ አይቆረጥም፣ አይበየድም። ካልተስማማችሁ የድሮዎቹን መልሳችሁ ወደነበረችበት ትመልሷታላችሁ። ስድስት ትንንሽ ሮለሮች የስኩተሯን ጠባይ እንዴት እንደሚለውጡት በገዛ እጃችሁ ስታዩ ደግሞ ደስታው ሌላ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ግማሽ ቀን ይበቃል። ሥራውን ግን ማታ፣ በጥድፊያ፣ ነገ ጠዋት የምትሄዱበት እያለ አትጀምሩ።

መመሪያው የሚያገለግለው ቺንጊያ ላላቸው፣ ማርሽ ለማይቀየርባቸው ከ50 እስከ 150 ሲሲ ስኩተሮች ነው።

## ሮለሩ ምን ይሠራል?

ይህን ሳያውቁ ክብደት መምረጥ አይቻልም። ሞተሩ ሲዞር ቫሪያተሩ (ሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው የፊት ፑሊ) አብሮ ይዞራል፤ ውስጡ ያሉት ሮለሮች ወደ ውጭ ይሸሻሉ። ሲሸሹ ተንቀሳቃሹን ሳህን ይገፉታል፣ ሳህኑ ቺንጊያውን ይጨምቀዋል፣ ቺንጊያው ፊት ለፊት ወደ ሳህኖቹ ጠርዝ ይወጣል። ከኋላ ደግሞ ወደ ፑሊው መሐል ይሰምጣል። ማርሹ ከፍ አለ ማለት ይኸው ነው።

ቀላል ሮለር ሳህኑን ለመግፋት ብዙ ዙር ይፈልጋል። ስለዚህ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ረዘም ላለ ጊዜ ከፍ ባለ ዙር ይሠራል፤ አነሳሷና አቀበት አወጣጧ ይሻሻላል። ከባድ ሮለር ቶሎ ይገፋል፤ ሞተሩ ረጋ ብሎ ይሄዳል፣ አነሳሱ ግን ይከብደዋል። «ቀላል ሮለር ፍጥነት ይጨምራል» የሚባለው ስህተት ነው። የሚጨምረው አነሳስ ነው። ከልክ በላይ ካቀለላችሁት ሳህኑ እስከ መጨረሻው ስለማይገፋ የላይኛው ፍጥነት ይቀንሳል፣ ቤንዚንም ይበላል።

ትክክለኛው ክብደት የሚባለው፣ ሙሉ ቤንዚን ሰጥታችሁ ስትፈተለኩ ሞተሩን ከፍተኛ ጉልበት በሚሰጥበት ዙር አካባቢ የሚያቆየው ነው። የስኩተራችሁ መጽሐፍ ከፍተኛው ጉልበት በ7,500 ዙር ይገኛል ካለ፣ ስትፈጥኑ ሞተሩ እዚያ አካባቢ እንዲቆይ ትፈልጋላችሁ። ካንዴላ ገመድ ላይ የሚጠመጠም ትንሽ የዙር መቁጠሪያ ካገኛችሁ ግምቱ ሁሉ ይቀርላችኋል።

## ዝግጅት

መለኪያውን እወቁ። ሮለር በሲሲ አይገዛም፤ በዲያሜትር (በክቡ ስፋት) እና በወርድ ነው የሚገዛው። በጣም የተለመደው ጂዋይ6 የሚባለው የሞተር ቤተሰብ በ50 ሲሲው (ሞተሩ ላይ 139ኪውኤምቢ ተብሎ የሚጻፈው) ብዙውን ጊዜ 16×13 ሚሊሜትር፣ በ150 ሲሲው (157ኪውኤምጄ) 18×14 ሚሊሜትር ይወስዳል። የእናንተ ሌላ ከሆነ አንዱን አውጥታችሁ በካሊፐር ለኩ። በግማሽ ሚሊሜትር የሚያንስ ሮለር ይገባል፣ ይዞራልም፤ ግን በየቦታው እየተንገጫገጨ መሄጃውን ይበላዋል።

የቺንጊያው ጀርባ ላይ የተጻፈውንም ቁጥር መዝግቡ። 743-20-30 ካለ፣ ርዝመቱ 743 ሚሊሜትር፣ ወርዱ 20 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ማዕዘን 30 ዲግሪ ነው ማለት ነው። አንድ ዓይነት ሞተር አጭርም ረጅምም ሽፋን ይዞ ይመጣልና «ለ150 ሲሲ» ብቻ ብላችሁ ቺንጊያ አትግዙ፤ 150 ሲሲው 842-20-30 የሚወስድም አለ።

ሦስት ስብስብ ይኑራችሁ። አንዱ ፋብሪካው ባስገባው ክብደት፣ አንዱ ትንሽ ቀለል ያለ፣ ሌላው ከዚያም ቀለል ያለ። ለ50 ሲሲ በግማሽ ወይም በአንድ ግራም ልዩነት፣ ለ125 እና ለ150 ሲሲ በአንድ ግራም ልዩነት ሂዱ። ከ6 ግራም ተነሥቶ በአንድ ጊዜ ወደ 4 ግራም የሚዘል ሰው የት ላይ እንደተሳሳተ አያውቅም።

እያንዳንዱን መዝኑ። አንድ ጊዜ 6 ግራም የሚል የተጻፈባቸውን ስድስት ሮለሮች አንድ በአንድ ሚዛን ላይ አስቀመጥኳቸው፤ 5.8፣ 6.0፣ 6.0፣ 6.4፣ 5.9፣ 6.3 አሉ። እንደዚህ የተዘበራረቀ ስብስብ ካጋጠማችሁ ከባዶቹን ጎን ለጎን አታድርጉ፣ ፊት ለፊት ትይዩ አድርጓቸው። ከዚህ የባሰ ከሆነ መልሱት። የሚያስፈልጋችሁ የግራምን አንድ አሥረኛ የሚያሳይ ትንሽ ሚዛን ነው።

መሣሪያ።
- የ8 እና የ10 ሚሊሜትር ሶኬት፣ ለዋናው ዳዶ 17 ወይም 19 (ቀድማችሁ ለኩ)
- ቫሪያተሩ አብሮ እንዳይዞር የሚይዝ መያዣ
- ኒውተን ሜትር የሚያሳይ ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ)
- የላስቲክ መዶሻ፣ ካሊፐር፣ ማርከር
- የፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ፣ ክር የማይለቅ ጨርቅ
- አንድ ቁራጭ ካርቶን

ቶርክ ቁልፉን «በእጄ እገምተዋለሁ» ብላችሁ አትለፉት። የዚህ ሥራ ትልቁ አደጋ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከመንካታችሁ በፊት። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ስኩተሯ በመሐል መቆሚያዋ ላይ ትቁም። ቁልፉን አውጡ፣ የካንዴላውን ቆብ ንቀሉ። ሽፋኑ ውስጥ የተጠራቀመውን ጥቁር ብናኝ በአፋችሁም በኮምፕረሰርም አትንፉት። የቺንጊያና የፍሪሲዮን ብናኝ ነው፤ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉት።

## ደረጃ 1፦ ሽፋኑን መክፈት

1. ካርቶኑ ላይ የሽፋኑን ቅርጽ በግምት ሣሉ። እያንዳንዱን ብሎን ስትፈቱ በሥዕሉ ላይ በነበረበት ቦታ ሰክታችሁ አስቀምጡ። ብሎኖቹ አንድ ርዝመት የላቸውም፤ ረጅሙን አጭሩ ቦታ ካስገባችሁት ይሰነጥቃል።
2. የእግር ማስነሻው ሽፋኑን እንዳይወጣ ከያዘው ብሎኑን ፈታችሁ አውጡት። ከዚያ በፊት በየትኛው ጥርስ ላይ እንዳለ በማርከር ምልክት አድርጉ።
3. ብሎኖቹ ሁሉ መውጣታቸውን እንደገና ቁጠሩ። አንድ ብሎን የአየር መውጫው ሥር ወይም ጭቃ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል።
4. ሽፋኑን ዙሪያውን በላስቲክ መዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱና ሳቡት።

እምቢ ካለ፦ ካቻቢቴ በሁለቱ ገጾች መሐል አታስገቡ። አልሙኒየሙ ይቧጨራል፣ ከዚያ በኋላ ውኃና አቧራ ይገባል። እምቢ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ያልተፈታ ብሎን ስላለ ወይም የማዕከል ፒኖቹ ስለዛጉ ነው።

ተጠንቀቁ፦ ሽፋኑ ሲወጣ የእግር ማስነሻው ትንሽ ጥርስ ሊወድቅ ይችላል። ሽፋኑ ገና ጣት ያህል ክፍት ሲል ቁሙና ፎቶ አንሡ።

## ደረጃ 2፦ ከመፍታት በፊት ማየት

ደረቅ ጥቁር ብናኝ ካያችሁ ደህና ነው። እርጥብና የሚያጣብቅ ቅባት ካያችሁ ግን እዚህ አቁሙ። ፊት ለፊት ከሆነ የሞተሩ ዘንግ ጎሚኒ፣ ከኋላ ከሆነ የማርሽ ቤቱ ጎሚኒ እያፈሰሰ ነው። ቅባት የነካው ቺንጊያ ይንሸራተታል፤ የቱንም ሮለር ብታስገቡ «ይጮኻል እንጂ አይሄድም» ነው ውጤቱ። መጀመሪያ ጎሚኒው ይቀየር።

ቺንጊያውን በካሊፐር ለኩ። ከአዲሱ ወርድ አንድ ሚሊሜትር ያህል ከሳሳ፣ ወይም ጥርሶቹ ሥር ስንጥቅ ከታየ፣ ዕድሜው አብቅቷል። በሳሳ ቺንጊያ ላይ ሮለር መሞከር ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ወርዱ በቀነሰ መጠን ወደ ጠርዝ መውጣቱ ስለሚቀንስ ጉድለቱን ሮለሩ ላይ ታሳብባላችሁ።

## ደረጃ 3፦ ዋናውን ዳዶ መፍታት

መያዣውን በማራገቢያ ሳህኑ (ከዳዶው ሥር ባለው፣ ክንፍ ባለው የማይንሸራተት ሳህን) ላይ፣ ለመያዣ በተሠሩት ቀዳዳዎች ወይም ጥርሶች ላይ አስገቡ። ዳዶው የተለመደው ዓይነት ነው፤ ከሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ በተቃራኒ ይፈታል።

በማራገቢያው ክንፎች መሐል ካቻቢቴ ሰክታችሁ ለመያዝ አትሞክሩ። ክንፉ ይሰበራል፣ ካልተሰበረም የሞተሩ ቤት አልሙኒየም ይሰነጠቃል። ክንፍ የጎደለው ማራገቢያ ሚዛኑን ይስታል፤ ቺንጊያውንም በቅጡ አያቀዘቅዝም። መያዣ ከሌላችሁ ሥራውን አቁማችሁ ፈልጉ። በአየር ወይም በባትሪ የሚሠራ መምቻ ቁልፍ ካገኛችሁ ለመፍታት ብቻ ተጠቀሙበት። ለማጥበቅ አይደለም።

ዳዶው ካልተነቃነቀ፦ የዛገ ማስለቀቂያ ዘይት አንድ ጠብታ ብቻ ጫፉ ላይ አድርጋችሁ ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ቺንጊያውን በጨርቅ ሸፍኑት። ረጅም እጀታ ያለው ቁልፍ በሁለት እጅ፣ በአንድ ወጥ ኃይል ግፉ፤ አትዝለሉበት።

## ደረጃ 4፦ ማውጣት

ጨርቅ አንጥፉና የሚወጣውን ሁሉ በወጣበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ደርድሩ፦ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ የእግር ማስነሻው ጥርስ ካለ እሱ፣ የማራገቢያ ሳህን። የእያንዳንዱ ፊት ወደ ላይ ይሁን። ሮንዴላ የተገለበጠበት ሰው ምክንያቱን ሲፈልግ ሳምንት ይፈጅበታል።

ቀጥሎ ቺንጊያውን ከዘንጉ ላይ ወደ ጎን አድርጉ። ከኋላ አታውጡት፤ እዚያው ይቆይ። አሁን ቫሪያተሩን ስታወጡ ሁለት እጅ ተጠቀሙ፤ አውራ ጣቶቻችሁ ከፊት፣ የቀሩት ጣቶች ከኋላ ያለውን የሮለሮች ክዳን አጥብቀው ይያዙ። ካልያዛችሁት ክዳኑ ይቀራል፣ ሮለሮቹም ይበተናሉ።

## ደረጃ 5፦ ማጽዳትና መመርመር

ክዳኑን አንሡ። የድሮዎቹን ሮለሮች አንድ በአንድ በጣታችሁ አዙሯቸው። ጠፍጣፋ ጎን ካላቸው፣ ስኩተሯ የደከመችው በክብደት ሳይሆን በእርጅና ነበር። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ በዚያው በፋብሪካው ክብደት አዲስ አስገብታችሁ ሞክሩ። ብዙ ሰው የሚፈልገውን እዚያ ያገኘዋል።

ከዚያ፦

1. ሳህኖቹን፣ ክዳኑንና ቦኮላውን (ዘንጉ ላይ የሚገባውን ለስላሳ የብረት ቱቦ) በፍሬን ማጽጃ አጽዱ። ቺንጊያ የሚነካው ገጽ ላይ የጣት ቅባት እንኳ አይቅር።
2. ቦኮላውን በሳህኑ ቀዳዳ ውስጥ አንሸራቱት። ያለ ምንም መያዝ መሄድ አለበት። ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ተበልቷል።
3. ክዳኑ ላይ ያሉትን ሦስት የፕላስቲክ መንሸራተቻዎች እዩ። ላልተው የሚወድቁ ከሆነ ቀይሯቸው፤ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጥ) ላይ የሚሰማው ኳኳታ ከእነሱ ነው።
4. የሮለሮቹ መሄጃ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ካለ ሳህኑ ይቀየር። በብርጭቆ ወረቀት ለማስተካከል አትሞክሩ፤ ስድስቱ መሄጃዎች እኩል አይሆኑም።

ግሪስን በተመለከተ፦ አብዛኞቹ ቫሪያተሮች በደረቅ ነው የሚሠሩት። አንዳንድ አምራቾች ግን ሮለሮቹ ቤት ውስጥ የተወሰነ መጠን ግሪስ ያዝዛሉ፤ እነዚህ ግሪሱ እንዳይወጣ ክዳኑ ዙሪያ የጎማ ቀለበት አላቸው። ቀለበት ከሌለው በደረቁ ተዉት። ደረቅ መሆን በሚገባው ቫሪያተር ውስጥ የገባ ግሪስ ተረጭቶ ቺንጊያው ላይ ያርፋል።

## ደረጃ 6፦ ሮለሮቹን መክተት

ክቡን ሮለር በሁለት ጣት ይዛችሁ ሁለቱን ጎኖች እዩ። አንዱ ጎን በፕላስቲክ የተዘጋ ነው። በሌላው ጎን የውስጡ የብረት ጠርዝ ይታያል። በሚዞርበት ጊዜ የመሄጃው ግድግዳ ሮለሩን ከኋላው ይገፋዋል፤ የሚገፋው ጎን ዝጉው መሆን አለበት። ብረቱ ግድግዳውን ከነካ ግድግዳውን እየላጠ ይሄዳል።

አቅጣጫው እንዳይጠፋባችሁ ሳህኑን ሮለሮቹ ወደ ላይ እንዲታዩ አድርጋችሁ ፊታችሁ አስቀምጡ። ወደ እናንተ የቀረበውን ሮለር እዩ፤ ዝጉው ጎን በስተቀኛችሁ ይሁን። ሳህኑን አዙሩና ቀጣዩን በዚያው አኳኋን ክተቱ። ቫሪያተራቸው በስኩተሯ ግራ ጎን ለሆነ ሁሉ ይህ ይሠራል።

ሁለት ክብደት መቀላቀል ይቻላል። ሦስት የ5 ግራምና ሦስት የ6 ግራም ካላችሁ 5-6-5-6-5-6 አድርጋችሁ አፈራርቋቸው፤ እንደ 5.5 ግራም ይሠራሉ። ሁለትና አራት ከሆኑ ግን ሁለቱን ፊት ለፊት ትይዩ አድርጓቸው፣ አለዚያ ቫሪያተሩ ይንቀጠቀጣል።

ክዳኑን ከነመንሸራተቻዎቹ መልሱ፣ ቦኮላውን አስገቡ። ሁሉንም አንድ ላይ ጨምቃችሁ ቀስ ብላችሁ አንቀጥቅጡ። ኳ የሚል ነገር ከተሰማ አንድ ሮለር ከመሄጃው ወጥቷል፤ ክፈቱትና እንደገና ክተቱ።

በመጨረሻም ማርከሩን አንሡና ተንቀሳቃሹ ሳህን ላይ፣ ቺንጊያው በሚሄድበት ገጽ፣ ከመሐል እስከ ጠርዝ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። በማራገቢያ ሳህኑ የውስጥ ገጽ ላይም እንዲሁ። በኋላ ይህ መስመር ከማንም ምክር የበለጠ ይነግራችኋል።

## ደረጃ 7፦ መመለስ (እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ)

የመጀመሪያ ሥራዬ የተበላሸው እዚህ ነው። ዳዶውን በሙሉ ጉልበቴ አጥብቄው ነበር፣ ጥብቅ ብሎም ተሰምቶኛል። ከአርባ ኪሎ ሜትር ያህል በኋላ የመፋጨት ድምፅ መጣ። ስከፍተው ዳዶው በጣት ይዞራል፣ የማራገቢያ ሳህኑ የውስጥ ጥርሶች እንደ ዱቄት ሆነዋል፣ የዘንጉም ጥርሶች ተበልተዋል። ዘንጉን ለመቀየር ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መፈታት ነበረበት።

ምክንያቱ አንድ ነው፤ ቺንጊያው በሁለቱ ሳህኖች መሐል ተቆንጥጦ ነበር። ዳዶው ሲጠብቅ ሳህኑን ቦኮላው ላይ ያስቀመጠው መሰለኝ እንጂ የጨመቀው ላስቲክ ነው። ስኩተሯ ስትንቀሳቀስ ቺንጊያው ሸርተት አለ፣ ክፍተቱ ቀረ፣ ዳዶው ላላ። ይህ እንዳይደርስባችሁ በዚህ ተራ ሂዱ፦

1. ቫሪያተሩን፣ ክዳኑን ከኋላ በጣቶቻችሁ እንደያዛችሁ፣ ዘንጉ ላይ እስከ መጨረሻው ግፉ። ስትለቁት ወደ ውጭ መምጣት የለበትም።
2. ወደ ኋላው ፑሊ ሂዱ። ሁለቱን የፑሊ ገጾች በእጃችሁ ፈልቅቁና ቺንጊያውን ወደ መሐል አስምጡት። ሞላው ጠንካራ ነው፤ አንድ ሰው ቢረዳችሁ ይቀላል። ቺንጊያው ከኋላ ሲሰምጥ ከፊት ይረግባል። የምትፈልጉት ይህን ርግበት ነው።
3. የረገበውን ቺንጊያ ቦኮላው ላይ አስቀምጡ። በሳህኑ ጠርዝ ላይ ሳይሆን እታች፣ ቦኮላውን እስኪነካ። የቺንጊያው ቀስት ጎማው ወደ ፊት በሚዞርበት አቅጣጫ ያመልክት።
4. የማራገቢያ ሳህኑን አስገቡ። በጥርሶቹ ላይ በትክክል ተቀምጦ ቦኮላውን መንካቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። የዘንጉ ጥርሶች ከሳህኑ ውጭ ከበፊቱ ባነሰ ከታዩ አልገባም ማለት ነው።
5. ሮንዴላውንና ዳዶውን መጀመሪያ በጣት ብቻ አስገቡ። በጣት ብዙ ዙር መሄድ አለበት። ሁለት ዙር ሄዶ ከቆመ ቺንጊያው ተቆንጥጧል፤ ወደ ቁጥር 2 ተመለሱ።
6. አሁን በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። የስኩተራችሁ መጽሐፍ የሚለው ይቀድማል፤ ከሌላችሁ ለ50 ሲሲ ወደ 40፣ ለ125 እና ለ150 ሲሲ ወደ 55 ኒውተን ሜትር የተለመደ ነው።
7. ከጠበቀ በኋላ ቺንጊያውን በሁለት ጣት ፊት ለፊት ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱት። ልል መሆን አለበት። ወጥሮ ከተቀመጠ ፍቱት፣ ድገሙት።

ቁጥር 7ን ያለፈ ዳዶ ብቻ ነው የጠበቀ የሚባለው።

## ደረጃ 8፦ መዝጋት

የኋላውን ጎማ በእጅ ወደ ፊት ደጋግማችሁ አዙሩ። ከዚያ የካንዴላው ቆብ እንደተነቀለ የማራገቢያ ሳህኑን በዳዶው ላይ በቁልፍ ሁለት ሦስት ዙር አዙሩ፤ የሰመጠው ቺንጊያ ወደ ቦታው እየወጣ መወጠር ይጀምራል። ሳህኑ ወደ ግራና ቀኝ የሚወላገድ ከሆነ ሮለር ከመሄጃው ወጥቷል።

ሽፋኑ ክፍት እንደሆነ ሞተሩን አታስነሡ። ቺንጊያ ቢበጠስ ወይም ዳዶ ቢፈናጠር ፊታችሁ እዚያ ነው ያለው።

ማዕከል ፒኖቹንና ጓርኒሲዮኑን መልሱ፣ ሽፋኑን ግጠሙ፣ ብሎኖቹን ከካርቶኑ ላይ እያነሣችሁ በየቦታቸው አስገቡ። በመስቀለኛ ተራ ወደ 10 ኒውተን ሜትር አጥብቁ፤ ትንንሽ ብሎኖች ናቸው፣ አልሙኒየም ውስጥ ቶሎ ይበጠሳሉ።

## ደረጃ 9፦ የሙከራ ጉዞ

ሞተሩ በሚገባ ይሙቅ። በሚኒሞ ላይ የኋላው ጎማ በመቆሚያው ላይ ቀስ ብሎ ቢዞር ችግር የለውም፤ ፍሬን ስትይዙ መቆም አለበት። በመቆሚያ ላይ እንዳለች ሙሉ ቤንዚን አትስጧት።

ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መንገድ፣ አንድ ዓይነት ጭነት፣ ከተቻለ ንፋስ የሌለበት ሰዓት ምረጡ። አንድ አቀበትና አንድ ሜዳ ይበቃል። ከቆመችበት ሙሉ ቤንዚን ስጡና ሦስት ነገር መዝግቡ፦ ስትፈጥን ዙሩ የት ላይ ቆመ፣ አቀበቱ መጨረሻ ላይ ፍጥነቷ ስንት ነበር፣ ሜዳው ላይ የመጨረሻው ፍጥነት ስንት ሆነ። ሁለት ጊዜ ድገሙት። የመጀመሪያው ጉዞ ስሜት ያታልላል፤ ቀላል ሮለር ስለሚጮኽ ብቻ የፈጠነች ይመስላል።

ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በኋላ ሽፋኑን ክፈቱና ዳዶውን በቶርክ ቁልፍ ፈትሹ። የማርከሩንም መስመር ለማየት ቫሪያተሩን አውጡ። መስመሩ እስከ ጠርዝ ድረስ ከተፋቀ ቺንጊያው ሙሉ መንገዱን ሄዷል። ከላይ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ቀለም ከቀረ የላይኛው ፍጥነታችሁ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ሮለሩ ቀልሏል፣ ወይም ቺንጊያው ሳስቷል፣ ወይም መንሸራተቻዎቹ ይዘውታል።

አዲስ 50 ሲሲ ላይ መስመሩ ከጠርዙ በጣም ርቆ ካቆመ፣ ፋብሪካው ፍጥነት ለመገደብ ቦኮላው ጎን ያስገባው ተጨማሪ ሮንዴላ ሊኖር ይችላል። እሱን ማውጣት የስኩተሯን ሕጋዊ መደብ፣ የመንጃ ፈቃዱንና የኢንሹራንሱን ነገር ይለውጣል። ሳታጣሩ አትንኩት።

## ችግር ሲያጋጥም

ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነት አይመጣም። መጀመሪያ ቅባት ፈልጉ፤ ቺንጊያው፣ ሳህኖቹ፣ የፍሪሲዮኑ ቤት። ደረቅ ከሆነ ሮለሩ ቀሏል፤ በግማሽ ወይም በአንድ ግራም ጨምሩ።

አነሳሷ ደክሟል፣ ሜዳ ላይ ግን ትሄዳለች። ሮለሩ ከብዷል። አንድ ደረጃ አቅልሉ።

ስትነሣ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ትስተካከላለች። ይህ የሮለር ጉዳይ አይደለም። የፍሪሲዮኑ ጫማዎች አንጸባርቀዋል ወይም ቅባት ነክቷቸዋል። ያንጸባረቁትን በብርጭቆ ወረቀት ሻካራ አድርጓቸው፤ ቅባት የጠጡትን ግን ቀይሩ።

በሚኒሞ ላይ ኳ ኳ ትላለች፣ ቤንዚን ስትሰጡ ይጠፋል። መንሸራተቻዎች ወይም የተበላ ቦኮላ።

ከፍ ባለ ፍጥነት የሚጨምር የመፋጨት ድምፅ። ወዲያው ቁሙ። «እስከ ቤት ታድርሰኝ» አትበሉ። የላላ ዳዶ በየደቂቃው የዘንጉን ጥርስ ይበላል፤ በመኪና አስጭናችሁ ውሰዷት።

በአንድ ፍጥነት ላይ ትንገዳገዳለች፣ ማርሹ አልወስን ይላታል። ሮለሮቹ የተለያየ ክብደት ይዘው በተሳሳተ ተራ ገብተዋል፣ ወይም አንዱ በተገላቢጦሽ ገብቷል።

ሮለሩን ስትቀይሩ የኋላውን ሞላ፣ የፍሪሲዮኑን ሞላዎችና ካርቡራቶሩን በዚያው ቀን አትንኩ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከተለወጠ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ጠንካራ የኋላ ሞላ በተለይ ከሮለሩ ጋር ይጋፋል፤ ቺንጊያውንም ያሞቀዋል።

እኔ ለዚህ ሥራ አንድ ደብተር አለኝ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ቀኑ፣ የተነዳው ኪሎ ሜትር፣ የስድስቱ ሮለሮች ክብደት በሚዛን፣ የቺንጊያው ወርድ፣ የቀረው የማርከር ቀለም በሚሊሜትር፣ የአቀበቱና የሜዳው ፍጥነት ይጻፋል። የወጡትንም ሮለሮች ክብደታቸው በተጻፈበት ትንሽ ላስቲክ አድርጋችሁ መቀመጫው ሥር አስቀምጡ፤ ሰው አፈናጥጣችሁ ረጅም አቀበት የምትወጡበት ወር ሲመጣ፣ ዛሬ «በጣም ቀለለ» ብላችሁ ያወጣችሁት ስብስብ ተመልሶ ይፈለጋል።